«ዛሬስ ወስደዋል?» ግልጽ ደብዳቤ ለጅማ የጤና ተቋማት

ይድረስ፦ በጅማ ከተማና በዙሪያዋ ለምትሠሩ ሐኪሞች፣ ነርሶችና የካርድ ክፍል ሠራተኞች፣ እንዲሁም ለኃላፊዎቻችሁ

ጤና ይስጥልኝ። ለጤና ባለሙያ «ጤና ይስጥልኝ» ማለት ትንሽ ፈገግ ያሰኛል። ግን ከዚህ የተሻለ ሰላምታ የለንም።

እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ አስታማሚ ነኝ። እናቴን ይዤ ለስኳርና ለደም ግፊት ክትትል መመላለስ ከጀመርኩ ስድስት ዓመት ሞላኝ። የተመላላሽ ክፍሉን አግዳሚ ወንበር ከቤቴ ሶፋ በላይ አውቀዋለሁ፤ የትኛው እግሩ እንደሚነቃነቅ ሳይቀር። የት ተቋም እንደሆነ አልናገርም። ማንንም ለመክሰስ አልተነሳሁም። የምነግራችሁ ነገር ደግሞ አንድ ቦታ ብቻ የሚደርስ አይደለም።

እማዬ ጠዋት ከምትውጣቸው የግፊት ኪኒኖች አንዷ ሽንት የምታበዛ ናት። ስሟ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ነው። እማዬ ግን «የሽንቷ» ነው የምትላት። ቤት ስትውል ችግር የለም። የቀጠሮ ቀን ግን ጉድ ይፈላል። ከንጋቱ 12 ሰዓት ከቤት ወጥተን፣ ባጃጅ ተሳፍረን፣ ካርድ አስወጥተን፣ ወረፋ ይዘን፣ ሐኪም ጋ እስክንገባ አምስት ሰዓት ይሆናል። ሽንት ቤቱ ሩቅ ነው። ሄደሽ ስትመለሺ ደግሞ ስምሽ ተጠርቶ አልፏል። ስለዚህ እማዬ የራሷን ዘዴ ዘየደች። በቀጠሮ ዋዜማና በቀጠሮ ዕለት የሽንቷን አትውጥም። የትኛዋ እንደሆነች ሁልጊዜ ስለማትለይ የጠዋቱን በሙሉ ትተዋለች።

ለማንም አልተናገረችም። ለእኔም።

ሐኪሙ ሲለኳት 160 በ95 ሆነ። «መድኃኒትዎን ይወስዳሉ እማማ?» አሏት። «እወስዳለሁ የኔ ልጅ» አለች። አልዋሸችም እኮ። በወር ሃያ ስምንት ቀን ትወስዳለች። ሐኪሙም አላጠፉም። ቁጥሩ ከፍ ብሏል፣ ታካሚዋ እወስዳለሁ ብላለች፤ ምን ያድርጉ? አምሎዲፒን የሚባል ሌላ የግፊት ኪኒን ጨመሩላት። በሚቀጥለው ቀጠሮም ግፊቱ ከፍ ብሎ ተገኘ። ኪኒኑ ከ5 ወደ 10 ሚሊ ግራም አደገ።

ቤት ስትሆን ደግሞ ሁሉንም ትውጣለች። ከአልጋ ስትነሳ ዓይኗን ትውር ትውር ይላት ጀመር። እግሯ አብጦ ጫማ እምቢ አላት። «እርጅና ነው» አለች፤ እኛም እርጅና ነው አልን። አንድ ማለዳ ጓዳ ስትገባ ወደቀችና የእጇ አንጓ ተሰበረ። ተሰብራም «ወጌሻ ይበቃኛል» ብላ ግማሽ ቀን አስለመነችን።

እጇ በጄሶ ታስሮ ስንመለስ፣ ባጃጁ የአዌቱን ድልድይ ሲሻገር ነው ቀስ ብላ የነገረችኝ። «የቀጠሮ ቀን የሽንቷን አልወስዳትም እኮ።» ይኼው ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ማሽኑ ለሐኪሙ የነገራቸው የቀጠሮ ቀንን ግፊት ነበር። የቀረው ወር ግፊት እማዬ ጋ ነበር።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እንላለን። ተረቱን እወደዋለሁ፤ ግን ጥፋቱን ሁሉ ታካሚው ላይ ይጭናል። እማዬ የደበቀች አይመስለኝም። አንዲት ቃል ናት የጎደለችው። «ዛሬስ?» ብሎ የጠየቃት የለም። ዛሬስ ወስደዋል?

ይህ የእኛ አገር አመል ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1984 ቤክማንና ፍራንክል የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን 74 የሐኪምና የታካሚ ቆይታዎችን ቀድተው አዳመጡ። ታካሚው የመጣበትን መናገር ሲጀምር ሐኪሙ በአማካይ በ18 ሰከንድ ያቋርጠዋል። እስቲ አስቡት። በእኛ አገር 18 ሰከንድ ሰላምታም አያስጨርስ። ልጆች ደህና፣ ከብቱ ደህና፣ ዝናቡ እንዴት ነው ሳንባባል ወደ ሕመም አንገባም። ዋናውን ነገር ደግሞ መጨረሻ ላይ ነው የምናወጣው። ወረቀታችንን ተቀብለን፣ በሩን ይዘን፣ «እግረ መንገዴን ዶክተር…» ብለን። ያኔ ተረኛው ገብቶ ቆሟል።

ሌላው ጣጣ የቃል ነው። አማርኛ ለሕመም ስስት የለውም። ራስ ይፈልጣል፣ ጎን ይወጋል፣ ሆድ ይቆርጣል፣ አጥንት ይቆረጥማል፣ እግር ይነዝራል፣ ይደነዝዛል። አንዳንዱ ቃል ራሱ ግማሽ ምርመራ ነው። የስኳር ታካሚ «እግሬን ይነዝረኛል» ሲል ነርቩን እየነገራችሁ ነው። ካርዱ ላይ የሚሰፍረው ግን «የእግር ሕመም» ነው። ደግሞ «ልቤን ያቃጥለኛል» ያለ ሰው ልቡን ላይሆን ይችላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ጨጓራውን ነው። «ኩላሊቴን» የሚል ሰው ደግሞ ወገቡን ማለቱ ሊሆን ይችላል። የት ጋ እንደሆነ በእጁ እንዲያሳይ ካልተጠየቀ ለልብም ለኩላሊትም ምርመራ ሲታዘዝለት ይውላል።

ጅማ ላይ ይህ ነገር እጥፍ ይሆናል። ወደ እናንተ የሚመጣው ሰው ብዙው ሕመሙን የሚናገረው በአፋን ኦሮሞ ነው፤ ከካፋና ከዳውሮ የሚመጣም አለ። አንድ ቀን ከጎናችን አንዲት ልጅ ከሰቃ መጥታ ተቀምጣ ነበር። ገና አገሩን ያልለመደ ወጣት ባለሙያ ሊያናግራት ቀረበ። «መታ ነ ዱኩባ» አለችው። ልጁ ደነገጠ። «ማነው የመታሽ?» አላት። ወንበሩ ሁሉ በሳቅ ሞተ። መታ በአፋን ኦሮሞ ራስ ማለት ነው፤ ራሴን ያመኛል ነው ያለችው። ልጁም አብሮ ሳቀ፤ ጥሩ ልጅ ነው። ግን የሚያስቅ ያልሆነ፣ ማንም ያላስተዋለው ስንት መሳሳት በዚያ በር አልፎ ይሆን?

አሁን ወደ ፍሬ ነገሩ ልግባ። ይህን ክፍተት ለመሙላት በሌላው ዓለም ከተሞከሩት ነገሮች አንዱ በጣም ቀላል ነው። ታካሚው ወደ ሐኪሙ ከመግባቱ በፊት፣ እንዴት እንደሰነበተ መጠይቅ ላይ በራሱ አንደበት ይሞላል። እንቅልፉን፣ ሕመሙን፣ ድካሙን፣ መድኃኒቱ ያደረገበትን፣ ጭንቀቱን። ሐኪሙ ያንን አይቶ ንግግሩን ከዚያ ይጀምራል።

እንግሊዝ አገር ሊድስ ከተማ ላይ ቬሊኮቫ የተባሉ የካንሰር ሐኪም ከባልደረቦቻቸው ጋር ይህን ፈትሸውታል። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2004 ታተመ። 28 ሐኪሞችና 286 ታካሚዎች ነበሩበት። ታካሚዎቹ የሞሉት መልስ ለሐኪሞቹ በደረሰበት ቡድን ስለ ሕመም ስሜቶች የሚደረገው ንግግር ጨመረ። የቆይታው ርዝማኔ ግን አልጨመረም። ይህቺን አስምሩልኝ፤ «ጊዜ ከየት አምጥተን?» ስትሉ እየሰማኋችሁ ነው።

ሌላው ኒው ዮርክ ነው። ኢታን ባሽ የተባሉ ሐኪም የመሩት ጥናት 766 የተሰራጨ ካንሰር ያለባቸው ታካሚዎች ላይ ተደረገ። ገሚሶቹ እንደተለመደው ታከሙ። ሌሎቹ 12 የሚሆኑ የተለመዱ የሕመም ስሜቶችን በኮምፒውተር እየሞሉ ይልኩ ነበር። የባሰበት ሰው ሲኖር መልእክቱ ለነርሷ ይደርሳል፤ እሷም ትደውላለች ወይም የሚደረገውን ታደርጋለች። እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣው ውጤት ራሳቸው ሲያሳውቁ የነበሩት ታካሚዎች በመካከለኛ ግምት 31.2 ወር ኖሩ፤ የተለመደውን ክትትል ያገኙት 26 ወር። ልዩነቱ ከአምስት ወር በላይ ነው። የተጨመረላቸው ነገር አዲስ መድኃኒት አልነበረም። ታካሚው ተናገረ፣ ሰሚ አገኘ።

አገሩ ኢንተርኔትና ነርስ ያልጎደለበት ነው፤ እንደወረደ እዚህ ይሠራል ብዬ አልከራከርም። ግን «የፈረንጅ ነገር ነው» ብላችሁም አትለፉት። ዘጠኝ ጥያቄዎች ያሉት የድብርት መጠይቅ አለ፤ ላለፉት 2 ሳምንታት እንዴት እንደሰነበታችሁ ይጠይቃል፤ እያንዳንዱ መልስ ከ0 እስከ 3 ይያዛል። አማርኛው አዲስ አበባ ላይ ተፈትሿል። የአፋን ኦሮሞው ደግሞ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ምሁራን ባሉበት ጥናት በነፍሰ ጡር እናቶች ላይ ተፈትሾ እ.ኤ.አ. በ2018 ታትሟል። እዚሁ ቤታችን ማለት ነው። እንዲህ ያለ ነገር የሚያስፈልገን ደግሞ ኀዘንን በቀጥታ ስለማንናገር ነው። አማርኛው «ሆድ ባሰኝ» ይላል። በአፋን ኦሮሞም ገራ ሆድ ነው፤ ስሜትም ነው። ሆዴን አመመኝ ብላ የመጣች እናት የትኛውን ሆድ እንደሆነ የሚጠይቃት ትፈልጋለች።

መጠየቅስ በዚህ ከተማ እንግዳ ነገር አይደለም። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከማኅበረሰቡ ጋር በሚያገናኘው ትምህርታቸው ቤት ለቤት ሲዞሩ ያልመጡበት ሰፈር የለም። እኛ ቤትም መጥተዋል፤ ስንት ዶሮ እንዳለን ሳይቀር ጠይቀውናል። እማዬ ቡና አፍልታ አንድ በአንድ መለሰችላቸው። ለሐኪም በስድስት ዓመት ያልነገረችውን በአንድ ከሰዓት ነገረቻቸው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ተቀምጠው ጠየቋት፤ ማንም ከኋላዋ አልቆመም።

ስለዚህ ልመናዬ አንድ ነው። ያን አግዳሚ ወንበር ተጠቀሙበት። እኛ እዚያ ላይ አራት ሰዓት እንቀመጣለን። እናንተ ጋ የምንቆየው ጥቂት ደቂቃ ነው። ንግግሩ ወንበሩ ላይ ይጀመር። አንድ ገጽ ወረቀት በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ይዘጋጅ፤ ከካርዱ ጋር ይሰጠን፤ ሞልተን ስንገባ ከካርዱ ላይ ይቀመጥ።

ምን ይጠየቅ ለሚለው እናንተ ታውቁበታላችሁ። የአስታማሚ ሐሳብ ግን አለኝ። መጀመሪያ «ዛሬ ምን ሊነግሩን መጡ?» ይበል፤ በራሱ ቃል፤ ይፈልጠኛል ካለ ይፈልጠኛል ተብሎ ይጻፍ። ቀጥሎ መድኃኒቱን። «ይወስዳሉ ወይ?» አትበሉ። ለዚህ ጥያቄ አዎ ከማለት ሌላ ምን መልስ አለ? «ሰው ሁሉ አንዳንድ ቀን ያልፈዋል፤ እርስዎ ካለፈው ቀጠሮ ወዲህ ስንት ቀን አለፈዎት? ምን አጋጥሞ?» በሉ። «ዛሬስ?» በሉ። የሐበሻ መድኃኒት፣ ጸበል፣ ጫት፣ ጾም፤ ሁሉንም ሳትቆጡ ጠይቁ። የግፊት ታካሚ ጫት እንደሚቅም ለሐኪም የማይናገረው መልሱን ስለሚያውቀው ነው፤ ይቆጡታል። በረመዳን ኢንሱሊኑን በራሱ ሒሳብ ያሸጋሸገ ሰው ብዙ ነው። ሐኪሙ ቢያውቅ አብሮት ያሸጋሽግለት ነበር።

ሕመምን በቁጥር ስለመጠየቅም አንድ ነገር ልበል። አንድ ጊዜ ከማና የመጡ እናት ሕመማቸው ከ0 እስከ 10 ስንት እንደሆነ ተጠየቁ። እኔ ነበርኩ የማስተረጉመው። ዝም አሉ። ደግሜ ጠየቅኋቸው። ቢቸግራቸው «አንተ ስንት ይመስልሃል?» አሉኝ። ነርሷ ብልህ ነበረች፤ ቁጥሩን ተወችና «ሕመሙ ምን ከለከለዎት?» አለች። ያኔ ወረዱት። ዘንድሮ ቡና መልቀም እንዳቃታቸው፣ ቅርንጫፉን ለመሳብ እጃቸው ከትከሻ በላይ እንደማይወጣ፣ ሌሊት በቀኝ ጎናቸው መተኛት እንደተዉ። ለሐኪም ከዚህ በላይ ምን ይነገራል? ከመርካቶ እስከ ፈረንጅ አራዳ ሳያርፉ ይሄዳሉ ወይ፣ ጸጉርዎን ራስዎ ይሠራሉ ወይ፣ ሌሊት ስንቴ ይነሳሉ ብሎ መጠየቅ «ስንት ከአሥር?» ከማለት ይሻላል። ቢያንስ ለእኛ።

ማንበብ የማይችለውስ? የሚጠይቀው ሰው ይመደብ። በጎ ፈቃደኛም ተማሪም ይሁን። እዚህ ላይ ግን አደራ፤ ወረቀቱን ለአስታማሚ ሰጥታችሁ አትገላገሉ። እኔ ራሴ ጥፋተኛ ነኝ። «እንቅልፍስ?» ብለው እማዬን ሲጠይቋት ቀድሜ «ደህና ትተኛለች» አልኩ። ከቤት ስንደርስ «አንተ ተኝተህ እኔ መተኛቴን በምን አወቅህ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ከባሏ ወይም ከአባቷ ጋር የመጣች ልጅ ሲሆን ነገሩ የባሰ ነው። አንዳንድ ጥያቄ አስታማሚውን ትንሽ ዞር አድርጎ ነው የሚጠየቀው። ኮሪደር ላይ ጮክ ብሎ ማንበብም አይሆንም፤ የሰው ገመና ነው።

ሥራ እንደሚበዛባችሁ አውቃለሁ። ከጠዋት እስከ ማታ ቀና ሳይሉ የሚሠሩ ሐኪሞች አይቻለሁ፤ ምሳቸውን በቆሎ ቆሎ የሚገፉ። «ሩኅሩኅ፣ አክባሪና ተንከባካቢ» የሚለው የጤና ሚኒስቴር መፈክር በ2008 ዓ.ም. ከተጀመረው ዕቅድ ጀምሮ በየግድግዳው አለ። ሰው ግን በተለጠፈ ወረቀት አይራራም፤ ፋታ ሲያገኝ ነው። እኔ የምለው ወረቀት ፋታ ይሰጣል ባይ ነኝ። ሁሉንም ከዜሮ ከመጠየቅ ምልክት የተደረገበትን ሁለት ነገር አይቶ መጀመር ይቀላል። ደግሞ ካልተነበበ ባይሞላ ይሻላል። ተጠይቆ የተናገረና ያልተሰማ ሰው ሁለተኛ አይናገርም።

ይህን የምለው ስለደረሰብኝ ነው። ከአደጋው በኋላ ባለ 32 ገጽ ደብተር ገዛሁ። የግፊት መለኪያ ተዋስኩ። ማታ ማታ እማዬ እየነገረችኝ እጽፋለሁ፦ የዋጠችውን፣ የተወችውን፣ ያዞራትን፣ ግፊቷን። ቤት ውስጥ 110 በ70 አካባቢ ነበር። ቤት ሲለካ ከ135 በ85 ጀምሮ ነው ከፍተኛ የሚባለው፤ ክሊኒክ ውስጥ 140 በ90። የሰው ልብ ነጭ ጋወን ሲያይ እንደሚደነግጥ እናንተም ታውቃላችሁ ማለት ነው። ደብተሩን መጀመሪያ ያሳየናቸው ሐኪም አልከፈቱትም። «እሱን ተወው፣ እኛ እንለካለን» አሉ። እማዬ ሻርፗን አስተካከለችና ዝም አለች። ለአንድ ወር ያህል ማታ ማታ «ዛሬ ምን ልጻፍ?» ስላት «ምንም» ነበር መልሷ።

በሁለተኛው ቀጠሮ አንዲት ወጣት ሐኪም ገጠመችን። ደብተሩን ገለጠች። አንድ ደቂቃ ቢሆን ነው። ጣቷን አንድ መስመር ላይ አሳርፋ «እማማ፣ የሽንቷ የሚሏት ይህቺ ናት?» አለቻት፤ ኪኒኗን እያሳየች። እማዬ ሳቀች። በስድስት ዓመት ውስጥ እዚያ ክፍል ስትስቅ ያየኋት ያን ቀን ነው። አምሎዲፒኑ ወደ 5 ተመለሰ። «የቀጠሮ ቀን የሽንቷን ቤት ሲመለሱ ይውሰዷት፤ ሌሎቹን ግን ጠዋት እንዳይተዉ» ተባለች። የእግሯ እብጠት በሦስት ሳምንት ጎደለ። ጫማዋን አደረገች።

ማክሰኞ ቀጠሮ አለን። ደብተሩ አሥራ ሁለተኛ ገጹ ላይ ደርሷል። ትናንት ማታ ሳልጠይቃት አንድ መስመር አስጻፈችኝ፦ «ሐሙስ ሁለቱን ረሳኋቸው። ለቅሶ ቤት ነበርኩ።»

አንድ አስታማሚ
ጅማ